በእንግዳው ስም የሚገባው

አላመኑኝም። "ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት ስለ ኮምፒውተር ምን ታውቃለች?" ብለው ሳቁብኝ።

ይሳቁ! ስሜ ባየሽ ነው፤ በዓይኔ ያየሁትን ነው የማስጽፈው። አልተማርሁም እንጂ አልታወርሁም።

እውነት ነው የሆነው። እዚሁ መተማ ዮሐንስ፣ በኅዳር፣ በጠራራ ፀሐይ። ስድስት ሰዓት ላይ... ውሻው እንኳ ከመኪና ሥር ገብቶ የሚያለከልክበት ሰዓት።

ልጄ እንግዳው የነጋዴው የአዛናው ሰሊጥ መጋዘን ጸሐፊ ነበር። ቤቱ ቁጭ ብሎ በላፕቶፑ የመጋዘኑን ካሜራ ያይ ነበር። በጥቅምት መኪና ተገልብጦ ገደለብኝ።

በራሴ ነጠላ ተገነዘ። የተቀደደውን ጠርዙን በአረንጓዴ ክር የጠቀምሁት እኔው ነኝ።

ልብሱንና ላፕቶፑን ሳጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርሁት። አርባው ሳይወጣ የሟች ዕቃ አይነካም።

ከቀብሩ በኋላ አለምሰገድ የሚሉት የኮምፒውተር ሰው ከጎንደር መጣ። መጋዘኑ ውስጥ ፋየርዎል የሚባል ነገር ተከለ።

"ዘበኛ ማለት ነው፣ እማማ። ከሩቅ ሆኖ በኮምፒውተር ወደ ካሜራው የሚገባውን ሁሉ ይጠይቃል። ስሙ የተመዘገበውን ያስገባል፣ ሌላውን ይመልሳል። የሟቹን ስም ልሰርዘው ነው።"

"አርባው ሳይወጣ? እጅህ ይቆረጥ!" አልሁት።

አዛናውም አፈረና "ተወው" አለው። ተወው።

ታዲያ ያን ቀን በቀትር በጠፍር አልጋዬ በአንገረቤ ላይ ጋደም እንዳልሁ ሁለቱ እየሮጡ መጡ።

"በልጅዎ ስም ሰው እየገባ ነው" አለ አዛናው። "ላፕቶፑን ለማን ሰጡት?"

"ልጄን አፈር ውስጥም ሌባ ልታደርገው ነው?"

"ምንም አይነካም እማማ" አለ አለምሰገድ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ካሜራውን ይከፍትና... ዝም ብሎ ያያል። በየቀኑ በቀትር።"

ስልኩን አየት አደረገ።

"አሁንም ገብቷል። ከዚህ ቤት ነው።"

"ምን ዓይነት ዘበኛ ነው ያቆምኸው? ሙትና ቋሚ አይለይም?"

"ስሙ ትክክል ነው፣ የይለፍ ቃሉም ትክክል ነው... ለሱ ይኸው በቂው ነው።"

ቁልፉን ካንገቴ ፈታሁ።

በሳጥኑ ቁልፍ ቀዳዳ ዝንብ ይገባል... ይወጣል።

ስከፍተው ሽታው ፊቴን መታኝ። የተበላሸ የሰሊጥ ዘይት ከጥንብ ጋር የተለወሰ የሚመስል። ልብሱ በስብሶ እጄ ላይ ተዝለገለገ። እንትፍ!

ላፕቶፑ ይሞቃል። ትኩሳት እንደያዘው ልጅ ሆድ ይሞቃል።

"ቻርጀሩ እኮ መጋዘን ነው ያለው" አለ አለምሰገድ። "ባትሪው ካለቀ..."

ከክዳኑ ሥር እርጥብ አፈር ይወጣል። ከአፈሩ ጋር ነጫጭ ትል። አዛናው ደጅ ወጥቶ የገዛ ጫማው ላይ አስታወከ።

"ይክፈቱት፣ እማማ..."

"አንተ ክፈተው! የተማርኸው አንተ አይደለህ?"

በጣቱ ጫፍ ገለጠው። ጣቱ ተጣበቀ። መስተዋቱ በራ።

"ይሄ መጋዘኑ አይደለም..." አለ በሹክሹክታ። "እዚህ የተተከለ ካሜራ የለም።"

ነጭ ጨርቅ ነው የሚታየው። ቅርብ... በጣም ቅርብ። ላዩ ላይ አፈር ጠብ ጠብ ይላል።

ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ክር።

ከዚያ ጨርቁ ወደ ውስጥ ሰመጠ...

ተነሣ...

ሰመጠ...

አለምሰገድ ክዳኑን ደፍቶት ወጣ። የዚያኑ ቀን አውቶቡስ ተሳፈረ፤ ስልክ ስንደውልለት አያነሳም። ዘበኛውን የሚያዝበት ቃል ያለው ደግሞ እሱ ዘንድ ብቻ ነው። አዛናው ለከተማው "አሮጊቷን ሙቀት አቅበዝብዟት ነው" ይላል። ጫማውን ያጠበ ሰው!

ሳጥኑን መልሼ ቆልፌዋለሁ። ዛሬም በቀትር ዝንቦቹ መጥተው ቀዳዳው ላይ ተሰለፉ።

አለምሰገድ፣ ይህን ካነበብህ ስማኝ። እርግማኔን አንስቼልሃለሁ። አርባውን አልጠብቅም። ና፣ የልጄን ስም በገዛ እጅህ ሰርዝልኝ።

በሩን ዝጋው። ልጄ ይተኛ።