የጋሽ ሣህለ ማርያም ቫልቮች

ኢንስፔክተር ሰገነት ከቢቸና ሞጣ ስትደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሣም። አቶ ሣህለ ማርያም ጊታራቸውን እንዳቀፉ፣ ባዶ እግራቸውን፣ ሲሚንቶው ላይ ተዘርረዋል። የቀዩ ጊታር ቀለም ክንዳቸው በሚያርፍበት በኩል ዕድሜ ልካቸውን ተፍቆ እንጨቱ ወጥቷል።

«ኤሌክትሪክ ነው የያዛቸው» አለ የጣቢያው ፖሊስ። «የአምፕሊፋየሩን ገመድ የጠገነችው ልጃቸው ንጋት ናት። አስረናታል።»

ሰገነት የአምፕሊፋየሩን ጀርባ ፈታች። ኤሌክትሪክ ሰው እንዳይዝ የሚከላከለው የመሬት ሽቦ ብሎን እንደጠበቀ ነው፤ ሽቦው ግን በፒንሳ ተቆርጧል። ድምፁን የሚያጎሉት አምፖል መሰል የመስታወት ቫልቮች መሰኪያም ባዶ ነው።

ግቢው ውስጥ ከአዲስ አበባ የመጣው የአሮጌ መሣሪያ ነጋዴ አምላኩ ቆሟል።

«ነፍስ ይማር። ጊታሩን ግን እርጥበት እንዳይነካው አንሡልኝ።»

ሰገነት ፊቷን አኮማተረች። «ቫልቮቹን እርስዎ ወሰዷቸው?»

«እንዴት ተደርጎ! ያ አምፕሊፋየር በድሮ ኦርኬስትራ ዘመን የመጣ ነው። እንደዚያ ያለ ሙቅ ድምፅ ዛሬ አይገኝም፤ ድምፁም የቫልቮቹ ነው። ጋሽ ሣህለ ማርያምን እንዲሸጡልኝ ብለምናቸው እንቢ አሉኝ። ደግሞ ሲሠራ የቆየ ቫልቭ እንደ ፍም ነው፤ ሳይቀዘቅዝ ማን ይነካዋል?»

የሟች የወንድም ልጅ ይታገስ፣ የሠርግ ኪቦርድ ተጫዋቹ፣ እየጮኸ ያለቅሳል። «ጠዋት በሩን ስከፍት ወድቆ አገኘሁት! ሁሉም ነገር ቀዝቅዟል። ምንም አልነካሁም!»

ሲጨብጣት የከረመ ቅቤ ሸተታት። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ጎረቤት ያቀረበችለትን ሻይ ብርጭቆውን በሁለት መዳፉ ብቻ ደግፎ ሲያነሣ አየችው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ንጋት በካቴና መጣች።

«የንጋት ሥራ ደህና ነው» አለች ሰገነት። «ሽቦውን የቆረጠ ሰው አለ። በዚያ ምክንያት ኤሌክትሪኩ በጊታሩ ክር አድርጎ ወደ እሳቸው ሄደ። ቆራጩ የፈለገው ቫልቮቹን ነው። አቶ አምላኩ ቢሆኑ የቫልቮቹን ጠባይ ስለሚያውቁ እስኪቀዘቅዙ ይጠብቁ ነበር። የማያውቅ ግን ይቃጠላል፤ ቅቤም ይቀባል። ይታገስ፣ ጣቶችህን አሳየኝ።»

ይታገስ እጁን ብብቱ ሥር ደበቀ። ፖሊሱ ጎትቶ ዘረጋው፤ ከቅቤው ሥር የጣቶቹ ጫፎች ውኃ ቋጥረዋል።

«ጠዋት ቀዝቅዞ አገኘሁት ብለሃል። ቀዝቃዛ ነገር አያቃጥልም። ማታ ሲወድቁ እዚህ ነበርክ።»

ፖሊሱ ከኪቦርዱ ቦርሳ አንድ የቆሸሸ ካልሲ አወጣ። ቫልቮቹ በውስጡ ተጠቅልለዋል።

«እሱ እንደሁ ሽማግሌ ነው!» አለ ይታገስ። «ቫልቮቹስ ሳይሸጡ ለምን እዚህ ይበስብሱ?»

«እሳቸው እንደወደቁ አምፕሊፋየሩን ያጠፋኸውም ልታድናቸው አይደለም» አለች ሰገነት። «ቫልቮቹን ልትነቅል ነው።»

ንጋት ካቴናው እየተፈታላት ቀና አለች። «ስታጠፋው አባቴ ይተነፍስ ነበር?»

ይታገስ ወለሉን አየ። ንጋት አስከሬኑ ወደነበረበት ቦታ ሄዳ ተንበረከከች።

አምላኩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ፣ ቫልቮቹ አልተሰነጠቁም አይደል?»

ሰገነት ውጭ ወጥታ አጥሩ ሥር ተፋች።