የኋላ መቀመጫዋ ያልለበሰ ፔጆ

ውሸት ነው የሚል ካለ መብቱ ነው። እኔ ግን ቆሜ አይቻለሁ።

ቅዳሜ ነው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ማሪትዝበርግ ከተማ፣ እኛው ግቢ ውስጥ።

ታላቅ ወንድሜ ሙዚ ከሞተ ወዲህ፣ እንኳን ፍርሃት እንባም አልመጣልኝም።

የምሸጠው የእሱን አሮጌ ፔጆ 404 ነበር። ሞተሯን አስነስቷል፣ ግማሽ ጎኗን ቀብቷል። የኋላ መቀመጫዋን ሳያለብስ፣ አውራ ጎዳና ሲሻገር ከባድ መኪና ገጨው። የመቀመጫው ሽቦ እንዳፈጠጠ ቀረ።

ገዢው፣ አቶ ፔሩማል፣ ዙሪያዋን ዞረ።

"ከኋላ ለምን ወደ አንድ ጎን ዘመመች?"

"እንጃ።"

"ሞላዋ ሞቷል?"

"አዲስ ነው፣ ጋሼ። ሙዚ ራሱ ነው የገጠመው።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የመቀመጫው ሽቦ በቀኝ በኩል ወደ ታች ተጫኗል... ሰው እንደተቀመጠበት።

ቁልፉን አቀበልኩት። ከዓይኔ እንድትጠፋልኝ ብቻ ነበር የፈለግኩት።

ሊሞክራት ነዳት። ተመልሶ ሲወርድ ፊቱ ልክ አልነበረም።

"ሰውዬውን አስወርደው" አለኝ በሹክሹክታ።

"የቱን?"

"ከኋላ ያለውን። ሰላም ብለው ዘጋኝ።"

በሩን ከፈትኩ። ማንም የለም...

ያኔ ገባኝ።

እኛ ዘንድ ሰው መንገድ ላይ ከሞተ፣ ነፍሱ እዚያው እንዳትቀር የእሾህ ዛፍ ቅርንጫፍ ይዘን ሄደን፣ መንገዱን እየነገርነው ቤት እናመጣዋለን። ሙዚንም ያመጣነው በዚህችው መኪና ነው። አጎቴ ይነዳል፣ እኔ ቅርንጫፉን ይዤ አወራዋለሁ። "ሙዚ፣ ታጠፍን... ሙዚ፣ ድልድይ ልንሻገር ነው..."

በራችን ላይ ለቀስተኛው አቀፈኝ። ቅርንጫፉን ይዤ ገባሁ።

ውረድ አላልኩትም!

እማዬ ማታ ማታ የእሱን ሳህን እያቀረበች፣ "ወንድምህ እኮ ቤት አልገባም" የምትለው ለካ ለዚህ ነው።

ወደ መኪናዋ አንገቴን አስገባሁ።

"ሙዚ... ደርሰናል። ውረድ።"

ሲጥጥ... መኪናዋ ቀስ ብላ ቀና አለች።

"ወረደ?" አለ ፔሩማል፣ ዞር ሳይል።

"ወረደ።"

ከፍሎኝ እየነዳት ሄደ።

ቤት ስገባ እማዬ ትስቃለች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

"ልጄ ገባ! በሩ ሲከፈት ሰማሁት!"

ከሙዚ ክፍል የእግር ኮቴ ይሰማል።

ስልኬ ጠራ። ፔሩማል ነው።

"አልወረደም..." ድምፁ በጭንቅ ይሰማል።

"ምን?"

"አሁንም ከኋላዬ ነው። ያለቅሳል። 'ሴንዞ፣ እኔን ትተህ ማንን አስገባህ?' ይላል።"

ተቋረጠ። ብደውል፣ ብደውል... ዝግ ነው።

"ሴንዞ!" አለች እማዬ፣ ሁለት ሳህን ገንፎ ከእርጎ ጋር ይዛ። "ና ብላ፣ ወንድምህ እየጠበቀህ ነው።"



እጄን ታጥቤ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ።

ከጎኔ ያለው ባዶ ቦታ... ሲጥጥ ብሎ ሰመጠ።