ለ«ር»ም ለ«ጠ»ም እኩል ቦታ

መርማሪዋ ስትደርስ ፊደል ነዳፊው ከከፈተው ማሽን ሥር በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ጣቶቹ ጠቁረዋል። ኤሌክትሪክ እንደገደለው ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም፤ የሚዘገንነው ግድግዳው ላይ የነበረው ነው። ትናንት የተገጠመው አዲሱ የኃይል ማብሪያ እጀታው ወደ ላይ ቆሟል፤ ወደ ላይ ሲቆም ኃይል አለ። ከላይ የተለጠፈው የፕላስቲክ ሰሌዳ ግን የሟቹን በሚመስል ወፍራም ፊደል «ጠፍቷል» ይላል። የታችኛው «በርቷል»። ምስኪን፣ የተጻፈውን አምኖ እጁን ሰደደ።

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰዎች ቆመዋል፤ ሰሌዳዎቹን የቀረጸችው ልጁ፣ ፊደሉን የሚሸጥለት ሸሪኩ፣ ከጎን ታፔላ ቤት ያለው ታናሽ ወንድሙ።

«ትናንት የለጠፍኳቸው እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ። «አቀያይሬያቸው ነው። አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ እሰሩኝ!»

«ዝም በይ አንቺ!» አጎቷ ትከሻዋን አቀፈ። «ኢንስፔክተር፣ ይዘኑላት። የወንድሜ ፊደል እንደሁ ሁሉም እኩል ነው፤ ማንም ቢሆን ይሳሳታል።»

መርማሪዋ ወደ ሸሪኩ ዞረች። «የዚህ ፊደል ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ስፋቱ ነዋ!» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «ቀጭኗ ‹ር›ም ሰፊው ‹ጠ›ም እኩል ቦታ ነው የሚይዙት። ጌጥ የለው፣ ጭራ የለው፤ ከሩቅ ይነበባል። ፋብሪካው ሁሉ ታፔላውን ወደዚህ ያዞረው ለዚህ ነው።»

አጎትየው ጉሮሮውን ጠረገ። መርማሪዋ ሳታየው ልጅቷን ጠየቀች። «የአንቺ መቅረጫ ማሽን ላይ ሌላ ፊደል አለ?»

«የአባቴ ብቻ። ሌላ አላስገባም ይላል…» ድምጿ ተቆረጠ። «ይል ነበር።»

መርማሪዋ ከቦርሳዋ ክር አወጣች። ጫፉ ላይ የቤቷን ቁልፍ አስራ፣ ከላይኛው ሰሌዳ «ቷ» መሃል ቁልቁል ለቀቀችው። ክሩ የታችኛውን «ቷ» ሳተው። ልጅቷ የምትሰማውን አስባ ክሩን ቀስ ብላ ጠቀለለችው።

«ኑ፣ ጠጋ በሉ» አለች። «‹በርቷል› አራት ፊደል፣ ‹ጠፍቷል›ም አራት። ሁለቱም በሟች ፊደል ቢሆኑ ‹ቷ› ከ‹ቷ› ሥር ልክ ይቆም ነበር። የታችኛው የእሱ ነው። የላይኛው ላይ ግን ‹ጠ› እና ‹ፍ› እንደ ልባቸው ተንሰራፍተው ‹ቷል›ን ገፍተውታል። ተራ የታፔላ ፊደል ነው፤ ልጅቷ ጋ የሌለ። ገዳዩ ሰሌዳዎቹን ሊያቀያይር ሲነቅል ‹ጠፍቷል› ተሰበረበት፤ በራሱ ማሽን ሌላ ቀርጾ ለጠፈ። ሸሪኩ ፊደል ሻጭ እንጂ መቅረጫ ማሽን የለውም።»

መርማሪዋ ወደ ታፔላ ሠሪው ዞረች።

«‹ሁሉም እኩል ነው› ስትል በአፍህ ነው እንጂ አንድ ቀን ልብ ብለህ አላየኸውም። የናቁት ያስረግዛል! ጭራሽ የአብዬን ወደ እምዬ፤ ጥፋትህን በዚች ልጅ ልታላክክ?»

«ደንበኞቼን አንድ በአንድ ወሰደብኝ!» ጮኸ ሰውየው። «ወንድሜ ነው በቁሜ የቀበረኝ!» እጁ አሁንም የልጅቷ ትከሻ ላይ ነበር።

መርማሪዋ እጁን አንስታ ካቴና አጠለቀችበት። «አልተሳሳትሽም፣ ልጄ» አለች። «ሰሌዳዎቹን በትክክል ነው የለጠፍሽው። ንጹሕ ነሽ።»

ልጅቷ አዝሎ ያሳደጋትን አጎቷን ቀና ብላ አየችው።

«ምነው» አለች፣ «ምነው ስህተቱ የእኔ በሆነ ኖሮ።»