የኤልውድ ግራ ጆሮ

ብታምኑኝም ባታምኑኝም አልቀየማችሁም። ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም አላምንም ነበር። ግን ሆኗል።

ይህን የምጽፈው እሱ ጓሮ ወጥቶ አትክልት ሲያጠጣ ነው። ፊደሎቹን ቀስ ብዬ ነው የምነካው። ጆሮው ብርቱ ነው...

ሌሊት አልነበረም። ጨለማም አልነበረም። ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል፣ ጠራራ ፀሐይ፣ ሙዚቃ በሚጮህበት ትልቅ መርከብ ላይ፣ ስንት ሰው እያየ ነው የሆነው።

ማንም ግን አላየም።

ሎሬታ እባላለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሳቫና ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የሰዎችን ጆሮ ስመረምር ነው የኖርኩት። ታማሚው ድምፅ በማያስገባ ትንሽ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። እኔ ከውጭ ድምፅ እልክለታለሁ። ሲሰማ እጁን ያነሳል። አንዳንዱ ያልሰማውን ሰማሁ ይላል። እኔ ግን እጁን አላምንም፤ ዓይኑንና አንገቱን አያለሁ። የሰማ ሰው አንገት አይዋሽም።

ባሌን ኤልውድን ያገኘሁት እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ድንጋይ በደማሚት የሚፈነዳበት ቦታ ይሠራ ነበር። አንዱ ፍንዳታ ግራ ጆሮውን ወሰደው። የመረመርኩት እኔ ነኝ። ቀኙ ደህና ነው። ግራው ግን... የቱንም ያህል ድምፅ ብልክ፣ ምንም።

ስለዚህ ኤልውድ ሁልጊዜ በቀኙ ያደርገኛል። መንገድ ስንሄድ፣ ቤተ ክርስቲያን ስንቀመጥ፣ ምግብ ቤት ወንበር ሲመርጥ። በትዳራችን ሙሉ አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም።

ሲተኛ ደግሞ ደህናውን ጆሮ ትራሱ ላይ ያደርጋል። የማይሰማው ወደ እኔ ይሆናል። ፊት ለፊት የማልነግረውን በዚያ ጆሮ እነግረዋለሁ። አፌን በእጄ ከልዬ፣ ድምፄ ወደ ደህናው ጆሮ እንዳይሻገር ተጠንቅቄ።

አምና ልቡን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ወዲህ የምነግረው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ኤል... ትተኸኝ እንዳትሄድ።"

ሰምቶኝ አያውቅም።

ሐኪሙ "መራመድ ይጠቅምሃል፣ መሮጥ ግን በፍጹም" አለው። የካሪቢያኑን የመርከብ ጉዞ የመረጥነው ለዚሁ ነው። የሚያስቸኩል ነገር የለም። ጠዋት አንዲት ደሴት ትደርሳለህ፣ ወርደህ ትዞራለህ፣ አመሻሽ ላይ ተመልሰህ ትገባለህ።

የዚያን ቀን የቆምነው ፖርት ሴሊን ነበር። ከባሕሩ ዳር፣ ሚስ ክላሪስ የምትባል ሴት የጠበሰችውን ዓሣና ሙዝ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን በላን። ሴትዮዋ አፏ አያርፍም።

"አንቺ፣ ይሄ ሽማግሌ በላ በላና ዝም አለ። አልጣመውም?"

"በማይሰማው ጆሮ ነው ያወራሽው። በዚህ በኩል ዙሪና ንገሪው" አልኳት።

ዞረች። "አባባ! ጣመህ ወይ?"

"ሚስት ባይኖረኝ ዛሬውኑ አገባሽ ነበር" አላት።

"ታዲያ እሷን መርከቡ ይዟት ይሂድና አንተ እዚሁ ቅርልኝ!"

ሦስታችንም ሳቅን።

ወደ መርከቡ ስንመለስ፣ ወደ ባሕሩ በሚገባው ረጅም የሲሚንቶ መንገድ ላይ ኤልውድ ራሱን ዳበሰ።

"ባርኔጣዬ! ሚስ ክላሪስ ጋ ረሳሁት።"

"ተወው፣ ሌላ ትገዛለህ።"

"ያንን ነው የምፈልገው። አንቺ ግቢ፣ መጣሁ።"

"ኤል፣ እንዳትሮጥ።"

"ለገለባ ባርኔጣ የሚሮጥ ጅል መሰልኩሽ?"

ገባሁ። መግቢያው ላይ እያንዳንዱ መንገደኛ ካርዱን መሣሪያው ላይ ያስነካል፤ ጢው ይልና ፎቶው ይወጣል። ጥበቃው ፊቱን ከፎቶው ጋር አይቶ ያስገባል። እዚያው ጥግ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት።

ቶሎ መጣ።

ከጠበቅሁት በላይ ቶሎ...

ካርዱን አስነካ። ጢው። "እንኳን ደህና መጡ፣ ጌታዬ" አለው ጥበቃው።

"ባርኔጣውስ?"

"አጣሁት" አለ ፈገግ ብሎ።

በዚያ ሙቀት የእኔ ጀርባ በላብ ርሷል። የእሱ ሸሚዝ ደረቅ ነው። የእኔ ልብስ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። የእሱ ምንም አይሸትም። የሳሙና ሽታ እንኳ የለውም።

እጄን ያዘ።

ቀኝ እጄን።

መጀመሪያ ምን እንደረበሸኝ አላወቅሁም። ደረጃውን ስንወጣ ነው የገባኝ። በግራው አድርጎኛል።

ደክሞት ይሆናል አልኩ።

የላይኛው ፎቅ በሰው ተሞልቷል። በመርከብ የሄደ ሰው ይህን ጨዋታ ያውቀዋል። መነሻው ሰዓት ሲደርስ መንገደኛው ሁሉ የብረት አጥሩን ተደግፎ አርፍደው የሚሮጡትን ይመለከታል። ያጨበጭባል። ያፏጫል። መርከቡ ላይ ከጎናችን ያለው ክፍል ውስጥ ያረፈው ዱዌይን ስልኩን ደግኖ ቆሟል።

"ሎሬታ፣ ነይ ነይ! ዛሬ ሯጮች አሉን!"

ሁለት ልጃገረዶች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ሮጠው ደረሱ። ሰዉ በጭብጨባ አቀለጠው። መሸጋገሪያው ተነሳ። ገመዱ ተፈታ። መርከቧ ቀስ ብላ ከወደቡ መላቀቅ ጀመረች።

ያኔ ከወደቡ ማዶ አንድ ሰው ብቅ አለ።

"አንድ ቀርቷል! ሩጥ አባቴ! ሩጥ!"

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አጨበጨብኩ።

ሰውየው እየተንገዳገደ ይሮጣል። አንድ እጁ ደረቱ ላይ ነው። በሌላው እጁ የሆነ ነገር ያውለበልባል።

የገለባ ባርኔጣ።

እጆቼ ማጨብጨባቸውን አቆሙ።

ከላይ ሲጮሁለት ሰውየው ቆመና ራሱን ወደ ግራ ጠምዝዞ ቀኝ ጆሮውን ወደ መርከቧ ሰጠ። ለመስማት። ያንን አንገት ከሚሊዮን ሰው መሐል እለየዋለሁ።

ኤልውድ ነው።

ወደ ጎኔ ዞርኩ። ከጎኔም ኤልውድ አለ። ሰው ሁሉ ወደብ ወደቡን ያያል። እሱ የሚያየው እኔን ነው።

አሁን ያደረግሁት የድሮ ሥራዬን ነው። ሌላ ነገር አላውቅም። መርከቧ ጥሩንባዋን ትነፋለች፣ ሙዚቃው ይደበልቃል፣ ሰው ይጮሃል። ወደ ግራ ጆሮው ተጠጋሁ። አፌን በእጄ ከለልኩ። ለራሴ እንኳ በማይሰማኝ ድምፅ አንሾካሾክሁ።

"ማነህ?"

አንገቱ ወደ እኔ ዞረ።

"በየቀኑ 'ትተኸኝ እንዳትሄድ' የምትይኝ አይደለሁ?" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ይኸው... አልሄድኩም።"

ጮህኩ። እንዴት እንደጮህኩ አላስታውስም። ሰው እየገፋሁ ነጭ ልብስ ለብሶ ወደቆመው መኮንን ሮጥኩ።

"አስቁሟት! ባሌ ወደብ ላይ ቀርቷል! ልቡን ታሟል፣ እየሮጠ ነው፣ ይሞትብኛል! ስለ እግዚአብሔር አስቁሟት!"

"የክፍል ቁጥርዎ ስንት ነው፣ እመቤቴ?"

ነገርኩት። በእጁ የያዘውን መሣሪያ ነካካ። ፎቶው ወጣ። መኮንኑ ፎቶውን አየ፣ ከዚያ ከትከሻዬ በላይ ተመለከተ። ፊቱ ለሰለሰ።

"ባለቤትዎ ገብተዋል። ከኋላዎ ቆመዋል።"

"እሱ አይደለም!"

"ፀሐዩ ነው" አለ ከኋላዬ የኤልውድ ድምፅ፣ ረጋ ብሎ። "ዛሬ ብዙ ፀሐይ መታት። ነይ ሎሪ፣ ውሃ ጠጪ።"

ሰው በአዘኔታ አየኝ። አንዲት ሴት ቀዝቃዛ ፎጣ ግንባሬ ላይ አደረገችልኝ። ገፍቼ ጣልኩት። የመኮንኑን እግር ይዤ ተንበረከክሁ። ጆሮ ስመረምር የኖርኩ፣ በሥራዬ አንድ ቀን ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቅ ሴት፣ የሰው ጫማ ይዤ ለመንኩ።

"አንድ ነገር ብቻ... ወደቡን ጠይቁልኝ። ያ ሰውዬ ምን ሆነ? እሱን ብቻ።"

መኮንኑ አዘነልኝ። ሬዲዮውን አነሳ፣ ትንሽ አወራ፣ አዳመጠ።

"አይዞዎት፣ እመቤቴ። ሰውየው ደህና ነው። ሚስቱ መጥታ ወስዳዋለች።"

"ሚስቱ?"

"እንደዚያ ነው ያሉት።"

ወደ አጥሩ ተመለስኩ። ደሴቲቱ ርቃለች። ወደቡ ላይ የሚታይ ሰው የለም።

ዱዌይን አሁንም እዚያው ነው።

"ቀርጸኸዋል?" አልኩት። "ሰውየውን?"

"እስከ መጨረሻው! አይዞሽ፣ መጨረሻው ደስ ይላል።"

ስልኩን ሰጠኝ።

ኤልውድ ትንሽ ሆኖ ይታያል። ከመርከቧ ጋር ትይዩ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ደረቱን ይይዛል። አፉ ይንቀሳቀሳል። ስሜን እየጠራ ነው። ከዚያ ገመድ የሚታሰርበት ብረት ላይ ቁጭ አለ። ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አደረገ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ከኋላው አንዲት ሴት መጣች።

አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳለች። ወደ ራሴ ቀሚስ ጎንበስ ብዬ አየሁ።

ምስሉን በጣቶቼ አጎላሁት። ቦርሳ ይዛለች። ጠዋት ማንገቻው ሲበጠስብኝ እንዴት እንደቋጠርኩት አውቃለሁ፤ ቋጠሮው በተሳሳተ ጎን ነው የወጣው። የእሷም ቋጠሮ በዚያው ጎን ነው።

አልሮጠችም። ቀስ ብላ መጣችና በግራው በኩል ቆመች።

ጎንበስ አለች። አፏን በእጇ ከለለች። ወደ ግራ ጆሮው የሆነ ነገር አንሾካሾከች።

እኔ ዓይኔን አንገቱ ላይ ተከልኩ።

የደረቀ፣ ላብ የሌለው እጅ መጥቶ ቀኝ እጄን ያዘ። አላስለቀቅሁትም። ዓይኔን ከስልኩ መንቀል አልቻልኩም።

የባሌ አንገት... ወደ ግራ ዞረ።

ፈገግ አለ። ባርኔጣውን ደፋ፣ ተነሳ፣ ክንዷን ያዘ።

ወደ መርከቧ አንድ ጊዜ እንኳ ዞሮ አላየም።