በጸጉሯ ግራና ቀኝ

ሙዓዝ መጀመሪያ ወደ ሱቃችን የመጣው ቀይ ጨረር የምታወጣ ትንሽ መብራት ሊገዛ ነው። ካርቱም የሚማርበት ዩኒቨርሲቲ በጦርነቱ ሲዘጋ በገላባት በኩል ወደ መተማ ዮሐንስ የተሻገረ ልጅ ነው። ልጄ ሳቢራ ፊዚክስ አስተማሪ ናት፤ ከሰዓት በኋላ ሱቅ ታግዘኛለች።

«ለምንህ ነው?» አለችው።

«ብርሃን ልሰነጥቅበት።»

«መጥረቢያም እንሸጣለን።»

ሳቀ። «መጥረቢያው ይቅር፤ አንዲት ዘለላ ጸጉር ስጪኝ።»

ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ከሻሽዋ ስር አንዲት ነጭታ ሰጠችው። ያኔ ነው ለልጄ የፈራሁት።

ጸጉሯን ከጨረሩ ፊት ሲወጥረው ግድግዳችን ላይ ቀይና ጥቁር መስመሮች ተደረደሩ።

«በጸጉሩ ግራም ቀኝም ስላለፈ ነው፣ ኻለቲ» አለኝ። አክስቴ ማለቱ ነው። «ብርሃኑን እንደ ሰሊጥ ፍሬ አንድ በአንድ ብንልከውም ቀስ በቀስ እነዚሁ መስመሮች ይመጣሉ። ፍሬዋ በየት በኩል እንዳለፈች የሚያሳውቅ ነገር ካለ ግን ይጠፋሉ።»

«ለምን?»

«ምን ማለት እንደሆነ ሊቃውንቱም ገና አልተስማሙበት። እኔም ልማር የምፈልገው እሱን ነው።»

በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ሽማግሌ ላከ። በዚያው ሰሞን ውጭ አገር የመማር ዕድል አገኘ። የጋብቻው ኒካሕ እሱ ሲመለስ እንዲሆን ተስማማን።

ከዚህ የሚያወጡት መንገዶች ሁለት ናቸው፤ በሸሕዲ ወደ ጎንደር፣ ወይም በገላባት ወደ ፖርት ሱዳን። ሁለቱም ያስፈራሉ። እኛ ዘንድ መንገደኛ ቀኑንም መንገዱንም አይናገርም፤ ወሬው ቀድሞ አጋቾች ጋ ይደርሳል።

«በየት ነው የምትሄደው?» አለችው ሳቢራ።

«አልነግርሽም።»

«ለኔም?»

«ላንቺማ ጭራሽ! ካላወቅሽ በሁለቱም ትጠብቂኛለሽ።»

በሻሽዋ ጫፍ ትከሻውን መታችው፤ እየሳቀች፣ እንባዋ እየወረደ።

እኔ ግን አላስቻለኝም። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ይዤ አስጨነቅሁት። ወደ ጆሮዬ ዝቅ አለና «በሸሕዲ ነው፤ ለሳቢራ እንዳይነግሯት» አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ አጋቾች ከሸሕዲ ወዲያ አንድ ሚኒባስ አስቁመው ወጣቶች መውሰዳቸው ተሰማ። ማን ማን እንደሆኑ የሚያውቅ አልተገኘም። የሙዓዝ ስልክ ዝግ ነው።

«በገላባት ነው የሄደው» አለች ሳቢራ፣ ፊቴን እያየች። «እዚያ ኔትወርክ የለም። አይደል እማ?»

«አላህ ያውቃል» አልኳት።

አሁን አዲሱ ሰሊጥ በቅሏል። ሳቢራ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መስኮቱን ትጋርድና ያቺኑ ጸጉር ወጥራ እሱ ትቶላት የሄደውን መብራት ታበራለች።

«እማ፣ መስመሮቹ ዛሬም አልጠፉም። ታዪያቸዋለሽ?»

ግድግዳው ላይ ናቸው፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቀይ። በየት እንደሄደ ከዚህ ቤት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

«አያቸዋለሁ፣ ልጄ» እላታለሁ።