አልትራሳውንዱ የወጣበት ሰዓት

ዶክተር ኦክታይ «አህያ» ያለኝ ማክሰኞ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ፣ በቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ፣ በነርሷ በሰቭጉል ፊት ነው። ስሰደብ የግድግዳውን ሰዓት አያለሁ። በዚህ ሆስፒታል ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አልጋ ስገፋ የተባልኩትን ሁሉ ከነሰዓቱ አውቀዋለሁ።

የሦስት ዓመቷ ኔፊሴ ረቡዕ ጠዋት ሞተች። አባቷ ሐይደር፣ የአፕሪኮት ፍሬ ገበሬው፣ ከገዛ ጉበቱ አስቆርጦ ሰጥቷት ነበር። ዶክተሩ «ሰውየው የራኪ አረቄ እንደሚጠጣ ደብቆናል፤ ጉበቱ የተበላሸ ነው» አለ። ይህን ከሰማ ወዲህ ሐይደር እህል አልቀመሰም። ስፌቱን በጥፍሩ ሊበጥስ ሲል ሁለት ጊዜ እጁን ያዝኩት።

«ልቀቀኝ ዱርሱን! ልጄን በገዛ ሥጋዬ ገደልኳት እኮ!»

ሐሙስ መርማሪ ፔሪሃን መጣች፤ ጉንፋን የያዛት፣ አጭር ሴትዮ። አስከሬኑን አይታ ሰቭጉልን ጠራች።

«ስፌቱ ቆዳዋን ለምን እንዲህ ወጠረው?»

«ጉበቱ ለሆዷ ትልቅ ነበር። እንዲህ ሲሆን ሆዱ በመረብ ተሸፍኖ ይቆይና እብጠቱ ሲጎድል ይሰፋል። ዶክተር ግን ሆድ ክፍት ትቶ ወጥቶ አያውቅም፤ ይኮራበታል።»

«ከተሰፋ በኋላስ?»

«ደሙ ወደ ጉበቱ መዝለቁ በአልትራሳውንድ ይታያል። ዶክተር አሥር ተኩል ላይ አየሁ ብሎ ጽፏል። እኔ ፈረቃ ቀይሬ ወጥቻለሁ።»

ወደ እኔ ዞረች። «ከማክሰኞ ምን ትዝ ይልሃል፣ ወንድሜ?»

«ስድቤ።»

አስነጠሳት። «ማን? ስንት ሰዓት? ለምን?»

«ዶክተሩ፣ አሥር ከሩብ። አልትራሳውንዱን ኩላሊት ክፍል አድርስ ሲለኝ፣ ‹ልጅቷ ገና አልተሰፋችም፣ አያስፈልግም ወይ?› አልኩት። ‹አህያ ይጭናል እንጂ አይጠይቅም!› አለኝ።»

ዓርብ ሁላችንንም ሐይደር አልጋ ዙሪያ ሰበሰበችን።

«ጉበቱ ተመርምሯል፤ የመጠጥ ምልክት የለበትም» አለች። «ልጅቷን የገደላት ወደ ጉበቱ ደም የሚያስገባው ሥር መዘጋቱ ነው። የዘጋው በግድ የተሰፋው ሆድ ነው። በጊዜው ቢታይ ስፌቱ ተፈትቶ ይላላ ነበር። ዶክተር፣ አሥር ተኩል ላይ በምን አዩ?»

«የአህያ ቃል ይዘሽ ነው?»

«ያላችሁን አንድ ማሽን ኩላሊት ክፍል በአሥር ሰዓት ከሃያ ፈርሞ ተረክቧል። አህያው መንገዱን ነው ያሳየኝ።»

ሐይደር ቀና አለ። «ጉበቴ ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር።»

«ታዲያ ትድን ነበር?»

እጁ ከስፌቱ ላይ ወረደ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ለቅሶ ግን ከፊተኛው የባሰ ነው።

ዶክተሩ ኮሪደር ላይ እጅጌዬን ያዘኝ። «ጋሼ ዱርሱን፣ ማሽኑን መልሼ አምጥቼው ነበር በልልኝ። እባክህ! አንዲት ቃል!»

ጋሼ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። የግድግዳውን ሰዓት አየሁ፤ አምስት ከአሥር ይላል። እጅጌዬን አስለቀቅሁና የኔፊሴን ባዶ አልጋ እየገፋሁ ሄድኩ።