በሾላው ዳገት የምትገፋው መኪና

ሻማዋን ወደዚህ አቅርቧት። ኧረ በሩንም ዝጉት! መብራቱ እንደሁ ዛሬ የሚመጣ አይመስለኝም። እንግዲህ ስሙኝ። እየሰማችሁም "እህ" በሉኝ፤ ዝም ያለውን ሰው ተኝቷል ብዬ እቆነጥጠዋለሁ።

ሰዓቱ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ነው። ጨረቃ የለችም። መንገዱ የሾላው ዳገት ነው፤ ግራው ገደል፣ ቀኙ ጥሻ። በዚያ ዳገት አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። ማነው? ዘርጋው ነው። ከየት ነው የሚመጣው? አሮጌ መኪና ሲያይ አምሽቶ! እስቲ አሁን ይሄ የጤነኛ ሰው ሥራ ነው?

ዘርጋው እንዲህ ነበር። ዓለም የረሳቸውን መኪኖች ይወዳል፤ ፋብሪካቸው የተዘጋ፣ የተሠሩበት አገር እንኳ የረሳቸውን። ሲምካ፣ ቦርግዋርድ፣ ዋርትቡርግ... እኛ ስማቸውን ስንጠራ ምላሳችን ይተሳሰራል፤ እሱ እንደ ልጆቹ ስም ነበር የሚጠራቸው። ግቢው ውስጥ ሰባት ነበሩት። ስድስቱ የዶሮ ማደሪያ ሆነዋል። ሰባተኛዋ፣ ሰማያዊዋ፣ ትሄዳለች። ስሟን ነግሮኝ ነበር፤ አሁን ጠፋኝ። ቢሰማኝ ያዝንብኛል።

ሚስቱ ትርንጎ ትባላለች። "አንድ ልጅ ሳንወልድ ሰባት መኪና አሳደግን" እያለች ትስቅበት ነበር። ኋላ ግን እግዜር ሰጣትና ፀነሰች። ዘርጋው በደስታ የሚሆነውን አጣ።

ወሯ ሲገባ የሰማያዊዋ ሞተሪኖ ተቃጠለ። ሞተሪኖ የሌላት መኪና ካልተገፋች አትነሳም። ጎረቤቱ መካኒኩ በላቸው፣ "የታክሲ ሞተሪኖ አስተካክዬ ልግጠምልህ። ሚስትህ ደርሳለች እኮ!" አለው።

"ባዕድ ዕቃ አላስገባባትም" አለ ዘርጋው። "የራሷን እንዲልኩልኝ ባሕር ማዶ ጽፌያለሁ። ይመጣል።"

መጣ? አልመጣም። ምጡ ግን መጣ።

ሐኪም ቤቱ ከዳገቱ ማዶ ነው። የሰፈሩ ወንዶች ቃሬዛ ይዘው ደረሱ። ዘርጋው ቃሬዛውን ሲያይ ደሙ ፈላ። "የሰባት መኪና ባለቤት ሚስት በቃሬዛ? ሞቼ ነው ቆሜ! ግፉልኝ፤ ጫፍ ከደረስን ቁልቁለቱ ላይ ትነሳለች" አለ።

ገፏት። ጥቂት ይገፋሉ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ያደርጋሉ፣ ያርፋሉ። ደግሞ ይገፋሉ። ትርንጎ ከኋላ ወንበር ሆና "ደረስን?" ትላለች። "ደረስን እናቴ" ይላል ዘርጋው። "ደረስን?" "ደረስን፣ ደረስን።" ሾላው ሥር ሲደርሱ ሳትጠይቅ ቀረች። ልጁም አብሯት ቀረ። ወይኔ! በቃሬዛ ቢሆን እኮ ደርሳ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዘርጋው ሰማያዊዋን ከስድስቱ ጋር ለብረት አቅላጮች ሰጣት። ዓይኑ እያየ ቆራርጠው ጭነው ወሰዷት። "ሁለተኛ መኪና ዓይኔ አያይም" ብሎ ማለ። ዓመት ሙሉ መሐላውን ጠበቀ። ታዲያ አንድ ቀን ከዳገቱ ማዶ፣ የሞቱ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ፣ ማንም ስሟን የማያውቃት መኪና ሣር በቅሎባት ተገኘች ሲሉ ሰማ። ምን ያድርግ? ፍቅር በመሐላ አይታሰር! ሄደ። ኮፈኗን ከፍቶ ሲዳብሳት መሸበት። ያን ሌሊት ብቻውን መንገድ ላይ የተገኘው በዚህ ነው።

መጀመሪያ ቤንዚን ሸተተው። "ልብሴ ነው" አለ። ጥቂት ሄደ። ከፊቱ ድንጋይ ሲንከባለል ሰማ። "ፍየል ነው" አለ። በእኩለ ሌሊት ምን ፍየል አለ? ቀና ሲል ሾላው ሥር መኪና ቆማለች፤ መብራት የላትም፣ ሹፌር የላትም። የኛ ሰው ደግሞ ታውቁት የለ? ዳገት ላይ የቆመች መኪና አይቶ ሳይገፋ አያልፍም። ዘርጋውም ማነህ ምንድነህ ሳይል ከኋላዋ ሄዶ ሁለት እጁን አሳረፈ።

ብረቱ በረዶ ነው። ጣቱ ጎድጎድ ያለ ቦታ አገኘ። ራሱ በመዶሻ ያቃናው ቦታ ነበር። አወቃት! ተቆራርጣ የቀለጠችዋ መኪና!

እጁን ሊያነሳ ሲል፣ ከውስጥ በኩል አንድ እጅ የኋላውን መስተዋት ጠረገው።

"ዘርጋው... ደረስን?"

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? እሱ እንባው ወረደ። "አልደረስንም ትርንጎዬ" አላት። "ያኔም ዋሽቼሽ ነው። ትዕቢቴ ነው የገደለሽ።"

"እንግዲያው አትልቀቀኝ" አለችው።

ሲነጋ ወደ ገበያ የሚሄዱ ሰዎች አገኙት። ሾላው ሥር ተንበርክኮ፣ ሁለት እጁን ወደፊት ዘርግቶ ባዶ አየር ይገፋል። መኪና የለ፣ የጎማ ዱካ የለ። ይህን ሁሉ ለበላቸው ነግሮት በሦስተኛው ቀን ሞተ። የገነዙት ሰዎች መዳፉን ቢያጥቡት ቢያጥቡት ሰማያዊው ቀለም አልለቅ አላቸው።

አሁንም ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት በዚያ ዳገት የወንድ ድምፅ ይሰማል አሉ። "ወገኖቼ፣ አንድ ጊዜ ግፉልኝ! ጫፍ ከደረስን ትነሳለች" ይላል። ያሳዝናል። እያለቀሰ ነው የሚለምነው። ግን አንድ ጊዜ እጁን ያሳረፈ ሰው እንዴት ብሎ ይለቃል?

አንተ ሽብሩ! ቤትህ ከዳገቱ ማዶ አይደል? ብቻህን ነህ? በል ጫማህን አውልቅ፣ ዛሬ እዚሁ ታድራለህ። አውቅሃለሁ እኮ፤ ግፋልኝ ካሉህ እምቢ ማለት አትችልም።